ዝርያ፣ ውልደት፣ አያያዝ፦ በፖኬሞን ጨዋታ የስውር ልኮች ስያሜ ላይ የቀረበ ሒስ

1. መነሻ

በዚህ መጽሔት ላይ የሚወጡ የስያሜ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ የሕክምናን፣ የሕግን፣ የእርሻን ወይም የምሕንድስናን ቃላት የሚመለከቱ ናቸው። አሁን የልጆች መጫወቻ ስለሚባለው ስለ ፖኬሞን ሳነሣ ቅር የሚላቸው አንባብያን እንደሚኖሩ አልዘነጋሁም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ወጣት ተርጓሚ ለጨዋታው የተዘጋጀ መመሪያ ወደ አማርኛ ለመመለስ አስቦ፣ ሃያ ያህል ቃላት የያዘ ዝርዝር አዘጋጅቶ እንዳርምለት ሰጥቶኝ ነበር። ዝርዝሩ በትጋት የተሠራ ነው፤ ከቃላቱም መካከል ሰዋስው የሚያፈርስ አንድም የለም። ነገር ግን በዚያ ዝርዝር ተመርቶ ጨዋታውን ሊረዳ የሚሞክር ሰው በየእርምጃው ይሳሳታል።

ስሕተቱ የተርጓሚው ብቻ ቢሆን ኖሮ ለብቻው ነግሬው በበቃ ነበር። ዳሩ ግን የሁላችንም የቆየ ልማድ ነው፤ ይኸውም የእንግሊዝኛውን ቃል በየመገጣጠሚያው ፈታትቶ፣ ለያንዳንዱ ቁራጭ የአማርኛ አቻ ፈልጎ፣ መልሶ መግጠም ነው። በዚህ መንገድ የሚገኘው ስያሜ የእንግሊዝኛውን ቃል ይመስላል፤ ቃሉ የቆመለትን ነገር ግን አይመስልም።

ይህን ልማድ ለመመርመር ጨዋታው ከብዙ የከበሩ ሙያዎች ይልቅ ይመቻል። በሌሎች ሙያዎች አንድ ስያሜ ተስማሚ ነው አይደለም በሚለው ላይ ስንከራከር፣ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በጣዕም ወይም በድምፅ ብልጫ ያልቃል። በዚህ ጨዋታ ግን እያንዳንዱ ፅንሰ ሐሳብ በሒሳብ የታሰረ ነው፤ ምን እንደሚጨምር፣ ምን እንደሚቀንስ፣ ምን እንደማይነካው ተወስኗል። ስለዚህ ስያሜው ያሳሳተ እንደሆነ ሒሳቡ ያጋልጠዋል። እንዲህ ያለ ፈታኝ በተርጓሚ ሕይወት ውስጥ በቀላሉ አይገኝም።

2. ነገሩ ከስሙ በፊት

ፖኬሞን በጌም ፍሪክ ተሠርቶ በ1996 እ.ኤ.አ. በጃፓን አገር ለኒንቴንዶ ጌም ቦይ የወጣ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ በየመስኩና በየዋሻው የሚያጋጥሙትን ልዩ ልዩ ፍጡራን ይይዛል፤ ያሳድጋል፤ ከሌሎች ጋር ያጋጥማል። ፍጡሩ በግጥሚያ ሲያሸንፍ ልምድ እያካበተ ከ1 እስከ 100 ባለው ደረጃ ከፍ ይላል። ኃይሉ የሚገለጸው በስድስት አቅሞች ነው፤ እነርሱም ሕይወት፣ ጥቃት፣ መከላከል፣ ልዩ ጥቃት፣ ልዩ መከላከልና ፍጥነት ናቸው። በመጀመሪያው ጨዋታ ልዩ ጥቃትና ልዩ መከላከል አንድ አቅም ነበሩ፤ የተነጣጠሉት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው።

ሁለት ልጆች ፒካቹ የሚባለውን ፍጡር ይዘው እስከ 100ኛው ደረጃ ቢያደርሱ፣ የአንደኛው ልጅ ፒካቹ ፍጥነት 166፣ የሁለተኛው 306 ሊሆን ይችላል። ፍጡሩ አንድ፣ ደረጃውም አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። ጨዋታው ግን ለብዙ ዓመታት የልዩነቱን ምክንያት ለተጫዋቹ ገልጦ አልነገረውም።

ሩቢና ሳፋየር የተባሉት ጨዋታዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ከወጡ ወዲህ በጸናው ሥርዐት መሠረት፣ ከደረጃው ሌላ አንድን አቅም የሚወስኑ አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ለፍጡሩ ዓይነት በሙሉ የተመደበ ቁጥር ነው። የማናቸውም ፒካቹ የፍጥነት ምድብ 90 ነው። ይህን ተጫዋቹ ሊለውጠው አይችልም።

ሁለተኛው ለያንዳንዱ ፍጡር፣ ሲያዝ ወይም ከዕንቁላል ሲገኝ፣ በዕጣ የሚደርሰው ቁጥር ነው። ለስድስቱም አቅሞች ለየብቻ ከ0 እስከ 31 ይወጣል። ከአንድ ዋሻ የተያዙ ሁለት ፒካቹዎች በዚህ ይለያያሉ።

ሦስተኛው ከዚያ በኋላ የሚጠራቀም ነው። ፍጡሩ ሌላ ፍጡር ባሸነፈ ቁጥር፣ እንደተሸናፊው ዓይነት፣ በአንድ ወይም ከአንድ በላይ በሆኑ አቅሞች ላይ በድምሩ ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይመዘገብለታል። ለምሳሌ ማጂካርፕ የተባለውን ዓሣ ያሸነፈ በፍጥነት 1 ነጥብ ያገኛል። የስድስቱ አቅሞች ጠቅላላ ድምር ከ510 ሊያልፍ አይችልም፤ በ100ኛው ደረጃም አራት ነጥብ የአቅሙን ቁጥር በ1 ከፍ ያደርጋል።

አራተኛው ከሃያ አምስት የአመል ዓይነቶች አንዱ ነው። ከእነዚህ ሃያዎቹ አንዱን አቅም በአንድ ዐሥረኛ ጨምረው ሌላውን በአንድ ዐሥረኛ ይቀንሳሉ፤ አምስቱ ምንም አይለውጡም።

ስሌቱ በ100ኛው ደረጃ ላይ እንዲህ ነው። የፒካቹ 90 በ2 ተባዝቶ 180 ይሆናል። በዕጣ ሙሉ 31 የደረሰው እንደሆነ 31 ይደመራል። 252 ነጥብ ያጠራቀመ እንደሆነ ሩቡ 63 ይደመራል። ድምሩ 274 ነው። ለሁሉም እኩል የሆነ 5 ሲታከል 279 ይሆናል። አመሉ ፍጥነትን የሚጨምር ከሆነ፣ ክፍልፋዩ ተጥሎ 306 ይደርሳል። ከዕጣውም ከተጠራቀመውም ባዶ የሆነውና አመሉ ፍጥነት የሚቀንስበት ፒካቹ ግን 185 ላይ ቆሞ ወደ 166 ይወርዳል። የሕይወት አቅም ስሌት በጥቂቱ ይለያል፤ ለያዝነው ጉዳይ ግን ይህ ይበቃል።

እስካሁን አንዱንም ነገር በስያሜው አልጠራሁም። ሆነ ብዬ ነው፤ ነገሩ ሳይታወቅ ስም ማውጣት የኋላ ኋላ ለሚደርሰው ስሕተት መጀመሪያው ነውና።

3. ስም አልባው እንዴት ስም አገኘ

አብዛኛው የሙያ ቃል የሚወጣው ከሠሪው ነው፤ መሣሪያውን የፈለሰፈ ስሙን ያወጣል፤ ተርጓሚም ይከተለዋል። እዚህ ግን ሠሪዎቹ ነገሩን ሸሽገውት ነበርና ስም የማውጣቱ ሥራ በተጫዋቾች ላይ ወደቀ። ተጫዋቾቹ ቁጥር እየመዘገቡና እያነጻጸሩ የተሸሸገውን ሒሳብ አወጡ፤ ያገኙትንም ሰየሙ።

የጃፓን ተጫዋቾች አሰያየም ሥርዐት ያለው ነው። ሦስቱን ቁጥሮች «ሹዞኩቺ»፣ «ኮታይቺ» እና «ዶርዮኩቺ» ብለዋቸዋል። ሦስቱም የሚያልቁት «ቺ» በሚለው፣ የቁጥር ልክን በሚያመለክት ቅጥያ ነው፤ ስለዚህ አንድ ቤተሰብ መሆናቸው ከስማቸው ይታወቃል። «ሹዞኩ» ነገድ፣ ዘር፣ ዝርያ ማለት ነው። «ኮታይ» አንድ ነጠላ ሕያው ፍጡር ማለት ነው። «ዶርዮኩ» ጥረት ነው።

በእንግሊዝኛ የተለመዱት «ቤዝ ስታት»፣ «ኢንዲቪጁዋል ቫልዩ» እና «ኤፈርት ቫልዩ» ናቸው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከጃፓንኛው ጋር ቃል በቃል ይገጥማሉ። አንደኛው ግን ከቤተሰቡ ወጥቷል። ችግሩ በዚህ አላበቃም። የጨዋታው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ራሱ፣ ሦስተኛውን፣ ማለትም የሚጠራቀመውን ነጥብ፣ «ቤዝ» በሚል ቃል ጠርቶታል። በሱቅ የሚሸጡት የኃይል መጠጦች የፍጡሩን «ቤዝ» ከፍ ያደርጋሉ ተብሎ ተጽፎባቸው ነበር። ተጫዋቾች «ቤዝ» የሚሉት ደግሞ የማይለወጠውን የፒካቹን 90 ነው። ስለዚህ አንድ ቃል በአንድ ጨዋታ ውስጥ ከቶ ለማይነካው ነገርም፣ በጠርሙስ ተገዝቶ ለሚጨመረውም ነገር ቆሞ ተገኘ። የእኛ ተርጓሚ «መሠረታዊ ቁጥሩን የሚጨምር መጠጥ» ብሎ ሲጽፍ እንግሊዝኛውን በታማኝነት ተከትሏል። ዓረፍተ ነገሩ ግን ሐሰት ነው። መጠጡን አሥር ጊዜ ቢያጠጡትም 90ው 90 ነው።

4. «ግለሰባዊ እሴት»

በዝርዝሩ ውስጥ ሁለተኛው ቁጥር «ግለሰባዊ እሴት» ተብሏል። ሁለቱንም ቃላት በየተራ እንያቸው።

«ግለሰብ» በሚለው ቃል ውስጥ ያለው «ሰብ» የግእዙ «ሰብእ» ነው፤ ሰው ማለት ነው። ተርጓሚው ቢጫ አይጥ የምትመስለውን ፒካቹን ከሰው ተራ ያስገባት ሊያከብራት ፈልጎ አይደለም፤ እንግሊዝኛው «ኢንዲቪጁዋል» ሰውንም፣ እንስሳንም፣ ተክልንም ሳይለይ ስለሚጠራ ነው። ጃፓንኛ ግን ይለያል፤ ነጠላውን ሰው «ኮጂን»፣ ነጠላውን ፍጡር «ኮታይ» ይላል። ተጫዋቾቹ የመረጡትም «ኮታይ»ን ነው። ልዩነቱ ከጃፓንኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ጠፋ፤ አማርኛም የወረሰው የጠፋበትን ቃል ነው። ከሦስተኛ ቋንቋ በኩል የሚተረጉም ሰው የሚደርስበት አደጋ ይህ ነው፤ መካከለኛው ቋንቋ የደፈነውን ልዩነት፣ ሁለተኛው ቋንቋ ሊይዘው የሚችል ቃል እያለው እንኳ፣ ሳያውቅ ደፍኖ ይቀበላል።

በዚህ ላይ ተርጓሚውን ለመውቀስ አፍ የለኝም። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ የከብት እርባታ መመሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ግለሰባዊ ልዩነት» ብዬ የጻፍኩት እኔ ራሴ ነበርኩ። ረቂቁ ለአርቢዎች በተነበበበት ስብሰባ ላይ አንድ አዛውንት ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ላሜ ከመቼ ወዲህ ግለሰብ ሆነች?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሰው ሁሉ ሣቀ። እርሳቸው ግን ለማሣቅ አልነበረም የጠየቁት። «ይህችን ላም ብትጠይቀኝ፣» አሉ፣ «ዝርያዋ የአገሩ ሁሉ ዝርያ ነው፤ ውልደቷ ግን ያማረ ነው፤ የቀረው የኔ አያያዝ ነው።» እኔም ቃሉን በሌላ ቃል ቀይሬ አለፍኩ፤ የነገሩኝን ግን አልጻፍኩትም። የዚህን ወጣት ዝርዝር ሳነብ ነው ያ ንግግር የታወሰኝ። የአዛውንቱ ሦስት ቃላት ከላይ ከዘረዘርኳቸው ሦስት ቁጥሮች ጋር አንድ በአንድ ይገጥማሉ።

«እሴት» ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ምንጩ የግእዙ «ዕሤት» ነው፤ ብድራት፣ ዋጋ ማለት ነው። በዘመናችን አማርኛ ግን ቃሉ ለማኅበራዊና ለሥነ ምግባራዊ ነገር ተለይቶ ተቀምጧል፤ የባህል እሴት፣ የሃይማኖት እሴት እንላለን። «የፒካቹ እሴት 31 ነው» ሲባል አንባቢው ስለ ምን እንደሚወራ ይደናገራል። የሒሳብ መማሪያ መጻሕፍት ለዚህ «ዋጋ» ይላሉ፤ በጨዋታው ውስጥ ግን ሱቅና ገንዘብ ስላለ «የፒካቹ ዋጋ» መሸጫዋን ያስመስላል። እኔ የምመርጠው «ልክ» የሚለውን ነው። ልክ ይሰፈራል፤ ይሞላል፤ ይጎድላል፤ ይታለፋል። ሦስቱን ቁጥሮች በአንድ ቤተሰብ ለማሰርም እንደ ጃፓንኛው «ቺ» ያገለግላል። «ልክ ነህ» በሚለው አነጋገር ትክክለኛነትን ማመልከቱ እንቅፋት አይሆንም፤ አገባቡ ይለየዋልና።

ስለዚህ ሁለተኛው ቁጥር «የውልደት ልክ» ይባል እላለሁ። የስያሜው ብርታት የተረጋገጠው በ2016 እ.ኤ.አ. በወጡት ሰንና ሙን በተባሉት ጨዋታዎች ነው። በእነዚህ ጨዋታዎች 100ኛው ደረጃ የደረሰ ፍጡር አንድ ቆርኪ ተከፍሎለት ልዩ ሥልጠና ሲሰጠው፣ የአንድ አቅሙ ስሌት 31 የደረሰው ያህል ይሆናል። ይሁን እንጂ በዕጣ የደረሰው ቁጥር አይሰረዝም፤ ሲወልድም ለልጁ የሚያወርሰው የፊተኛውን ነው። «ግለሰባዊ እሴቱ ወደ 31 ከፍ አለ» የሚል ትርጉም ይህን ሊያስረዳ አይችልም። «ሥልጠናው አቅሙን ሞላለት፤ የውልደት ልኩ ግን እንደነበረ ነው» የሚለው ግን ያስረዳል።

5. «የጥረት እሴት»

ለሦስተኛው ቁጥር ዝርዝሩ «የጥረት እሴት» ይላል። ከእንግሊዝኛውም ከጃፓንኛውም ጋር ስለሚስማማ በመጀመሪያ ተቀብየው ነበር። የጨዋታው ሠሪዎችም ይህን ቃል የሚጠቁም ፍንጭ ሰጥተዋል፤ በ2002ቱ ጨዋታዎች ውስጥ በአንዲት የወደብ ከተማ ገበያ የምትገኝ ሴት ጠቅላላ ነጥቡን ለሞላ ፍጡር «የጥረት ሪባን» ትሸልማለች።

ነገር ግን ሒሳቡ ስያሜውን በሁለት ቦታ ይቃወመዋል። የመጀመሪያው የመጠጦቹ ጉዳይ ነው። ካርቦስ የተባለው መጠጥ አንድ ጠርሙሱ በፍጥነት ላይ 10 ነጥብ ይጨምራል። እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ በመጠጥ የሚገኘው በ100 ነጥብ የተገደበ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሶርድና ሺልድ ከወጡ ወዲህ ግን እስከ 252 በመጠጥ ብቻ መሙላት ይቻላል። ሃያ ስድስት ጠርሙስ የጠጣና አንድም ግጥሚያ ያላደረገ ፍጡር ምን ጣረ? ሁለተኛው፣ ከ2004ቱ ኤመራልድ ጀምሮ አንዳንድ የዱር ፍሬዎችን መብላት የተጠራቀመውን ነጥብ ይቀንሳል። የተደረገ ጥረት ፍሬ በመብላት አልተደረገም አይባልም።

«አያያዝ» ግን ሁለቱንም ፈተና ያልፋል። አርቢ ከብቱን በሥራ ያጠነክራል፤ በመኖም ያበረታል፤ መኖውን ሲለውጥም ሰውነቱ ይለወጣል። የሚሠራው እንስሳው ይሁን አርቢው፣ ወይም ጠርሙሱ ይሁን ግጥሚያው፣ ሁሉም በአያያዝ ውስጥ ይገባል። «የአያያዝ ልክ» ማለት እንግዲህ ፍጡሩ በእጅ ከገባ በኋላ ባለቤቱ በወሰነው መንገድ የተጠራቀመ ልክ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ጨዋታው ፍጡሩ ለባለቤቱ ያለውን ቅርበት የሚለካ ሌላ ስውር ቁጥርም አለውና፣ «አያያዝ» ከዚያ ጋር አይምታታም ወይ? ይምታታል፤ ለዚያኛው «ወዳጅነት» የሚለው ተለይቶ ካልተመደበለት በስተቀር። አንድ ስያሜ ብቻውን አይቆምም፤ ጎረቤቶቹም አብረው ሲወሰኑ ነው ድንበሩ የሚታወቀው።

ስለ አያያዝ ልክ የሚሰጠው ማብራሪያ ቁጥሩን በትክክል መያዝ አለበት። በፊተኞቹ ጨዋታዎች ለአንድ አቅም የተፈቀደው 255 ነጥብ ነበር። 255 ለ4 ሲካፈል 63 ደርሶ 3 ይተርፋል፤ ትርፉ ከንቱ ነው። ሁለት አቅሞችን 255፣ 255 የሞላ ሰው 510ውን ጨርሶ ስድስቱን ነጥብ በከንቱ ያጠፋል፤ 252፣ 252 የሞላ ግን 6 ነጥብ ይተርፈዋል፤ ከእርሱም 4ቱ ለሦስተኛ አቅም ይጠቅማሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. ኤክስና ዋይ ሲወጡ ጣሪያው ራሱ 252 ሆነ። ተርጓሚያችን «252» የሚለውን በአንድ ገጽ፣ «255» የሚለውን በሌላ ገጽ አግኝቶ አንዱ የኅትመት ስሕተት መስሎት አስተካክሎታል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የተለያየው ዘመናቸው ነው።

6. ስለ ሌሎቹ ቃላት

«መሠረታዊ ቁጥር»። ከላይ በተገለጸው ምክንያት «መሠረት» የሚለውን ቃል ጨርሶ መተው ይበጃል። «የዘር ልክ» ማለትም ይቻል ነበር፤ የጃፓንኛው «ሹዞኩ»ም እንደኛው «ዘር» ወደ ነገድ ያደላል። ነገር ግን በአገራችን «ዘር» የተሸከመውን ሸክም የሚያውቅ ሰው፣ በዘር ልክ ማበላለጥን የልጆች መዝናኛ አድርጎ አይጽፍም። «ዝርያ» ለከብትም ለሰብልም የተለመደ ነውና «የዝርያ ልክ» ይበቃል።

«ስውር»። ዝርዝሩ ሦስቱንም «ስውር እሴቶች» በሚል ርእስ ሥር አስገብቷቸዋል። የዚህም ጽሑፍ ርእስ «ስውር» ይላል፤ ያ ግን ገለጻ እንጂ ስያሜ አይደለም። በ2013ቱ ጨዋታዎች የተጠራቀመው ነጥብ በሥዕላዊ መግለጫ ለተጫዋቹ መታየት ጀምሯል። መሸሸግ የነገሩ ጠባይ ሳይሆን የአንድ ዘመን ሁኔታ ነበር። በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ስያሜ ሁኔታው ሲያልፍ ውሸት ይሆናል። ከዚህም ሌላ «ስውር ችሎታ» የሚባል ፈጽሞ የተለየ ነገር በጨዋታው ውስጥ አለ።

«ተፈጥሮ»። አራተኛውን፣ ማለትም የአመሉን ዓይነት፣ እንግሊዝኛው «ኔቸር» ስላለው ዝርዝሩ «ተፈጥሮ» ብሎታል። «ተፈጥሮ» ግን የውልደት ልክን ሳይቀር ይጠቀልላል። ጃፓንኛው «ሴይካኩ» ነው፤ ትክክለኛ አቻው «ጠባይ» ነው። ከሃያ አምስቱ ጠባዮች አንዱ በእንግሊዝኛ «ቲሚድ» ይባላል፤ ፍጥነትን ጨምሮ ጥቃትን ይቀንሳል። ተርጓሚው «ዓይን አፋር» ብሎታል። የጃፓንኛው ቃል «ኦኩቢዮ»፣ ፈሪ ማለት ነው። «ፈሪ» ሲባል ሒሳቡና ስሙ ይገናኛሉ፤ ፈሪ ለመምታት እጁ አይነሣም፤ እግሩ ግን ፈጣን ነው። ዓይን አፋርነት ማንንም አያስሮጥም። ይባስ ብሎ «ባሽፉል» የተባለ፣ ምንም የማይጨምርና የማይቀንስ ሌላ ጠባይ አለ፤ ዓይን አፋር በእውነት እርሱ ነው። ቃሉ ቀድሞ ስለተያዘ ለእርሱ «አፋራም» የሚል ተፈልጎለታል፤ አንባቢው ሁለቱን ሊለይ አይችልም።

«ማዳቀል»። ተጫዋቾች የተሻለ የውልደት ልክ ለማግኘት ሁለት ፍጡራንን አገናኝተው ዕንቁላል ይቀበላሉ። ይህን «ማዳቀል» ማለት ከሁለት ዝርያ የተቀየጠ ሦስተኛ ይወለዳል ያሰኛል። በጨዋታው ውስጥ ግን የሚወለደው በመሠረቱ የእናቱን ዝርያ ይይዛል፤ ከወላጆቹ የሚወርሰው ከውልደት ልኮቻቸው ጥቂቱን ነው። ቀድሞ ሦስት ነበር፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዱ ወላጅ «የዕጣ ቋጠሮ» የተባለውን ዕቃ ከያዘ አምስት ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ቃል «ማራባት» ነው።

«ፍጹም»። ስድስቱም የውልደት ልኮቹ 31 የሆኑለትን ፍጡር እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ፍጹም ይሉታል። በዕጣ ብቻ የሚገኝ ቢሆን ዕድሉ ከ1,073,741,824 አንድ ነው፤ ስለዚህ አድናቆታቸው አይገርምም። ነገር ግን በ2006 እ.ኤ.አ. የገባ አንድ ስልት አለ፤ ሥራ ላይ ሲውል ለጥቂት ተራ ዘገምተኛው ፈጣኑን ይቀድማል። በዚህ ስልት የሚጫወት ሰው የፍጥነት ውልደቱ 0 የሆነውን ፈልጎ ያረባል። ለእርሱ 31 ጉድለት ነው። «ሙሉ ልክ» ብንል ቁጥሩን እንገልጻለን፤ ፍርዱን ለተጫዋቹ እንተዋለን። ስያሜ ሰጭ ፈራጅ መሆን የለበትም።

7. ምሕጻረ ቃላቱን እንዳሉ መውሰድስ?

ይህ ሁሉ ድካም ለምን፣ የእንግሊዝኛውን ምሕጻረ ቃላት «አይቪ» እና «ኢቪ» ብለን ብንወስድስ የሚል አይጠፋም። በንግግር ማንም ይህን አይከለክልም፤ የባዕድ ቃል ሁሉ ጠላት ነው የሚል አቋምም የለኝም። በጽሑፍ ግን ፊደላችን የራሱን ፈተና ያመጣል። «አይቪ» በሐኪም ቤት በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ስም ሆኖ ገብቷል። «ኢቪ» ደግሞ መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. የነዳጅ መኪና ማስገባትን ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና መጠሪያ ሆኖ በየመንገዱ ይሰማል። ከሁሉ የሚብሰው ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ ጨዋታ ውስጥ ያለ አንድ እጅግ የታወቀ ፍጡር ስሙ ኢቪ መሆኑ ነው። በላቲን ፊደል ሁለቱ በአጻጻፍ ይለያያሉ፤ በእኛ ፊደል ግን አንድ ናቸው። ተርጓሚያችን በአንድ ስፍራ «የኢቪን ኢቪ መሙላት» ብሎ ጽፏል። ስቶ አይደለም፤ ሌላ መጻፊያ መንገድ አልነበረውም። «የኢቪን የአያያዝ ልክ መሙላት» ብሎ ቢሆን ግን ማንም ባልተደናገረ ነበር።

8. ማጠቃለያ

ለተርጓሚው የመለስኩለት ዝርዝር በአጭሩ ይህ ነው፦

አቅም፦ ከስድስቱ የፍጡሩ ኃይል መግለጫዎች አንዱ። «ችሎታ» ለሌላ ነገር ስለተያዘ በዚህ ቦታ አይገባም።
የዝርያ ልክ፦ ለአንድ ዝርያ ፍጡራን በሙሉ እኩል የተመደበ፣ የማይለወጥ ቁጥር።
የውልደት ልክ፦ ለያንዳንዱ ፍጡር ለየአቅሙ ከ0 እስከ 31 የሚደርሰውና ለልጅ የሚወረስ ቁጥር።
የአያያዝ ልክ፦ በግጥሚያ፣ በመጠጥና በመሳሰለው የሚጠራቀም፣ ሊቀነስም የሚችል፣ በጠቅላላው ከ510 የማያልፍ ነጥብ።
ጠባይ፦ አንዱን አቅም በአንድ ዐሥረኛ ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ የሚያደርግ ወይም ምንም የማይለውጥ የአመል ዓይነት።
ሙሉ ልክ፦ ከተፈቀደው የመጨረሻው ላይ የደረሰ ልክ።
ማራባት፦ ሁለት ፍጡራንን አገናኝቶ ዕንቁላል ማግኘት።

ከእነዚህ ቃላት አንዱም አዲስ አይደለም፤ አንዱንም እኔ አልፈጠርኩትም። ዝርያ፣ ውልደት፣ አያያዝና ጠባይ ከብት የሚጠብቅ ሰው በየቀኑ የሚናገራቸው ናቸው። እንግሊዝኛውን ስንፈታታ ሳናያቸው ያለፍናቸው፣ ፍጡርን መርጦ ማርባትና ማሳደግ ለሕዝባችን እንግዳ ሥራ መስሎ ስለታየን ነው። መሣሪያው እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ በመሣሪያው የሚሠራው ሥራ ግን የቆየ ነው።

ስለዚህ አንድ ስያሜ ከማጽደቃችን በፊት ሦስት ጥያቄዎች እንድንጠይቅ አሳስባለሁ። ነገሩ ስሙ ሳይጠራ ሊብራራ ይችላልን? መካከለኛው ቋንቋ የደፈነው ልዩነት አለን? ይህን የሚመስል ሥራ በአገራችን ማን ይሠራል፤ እርሱስ ምን ይለዋል? ሦስተኛውን ጥያቄ በወጣትነቴ አንድ አዛውንት ሳልጠይቃቸው መልሰውልኝ ነበር፤ መልሱን ጽፌ ባለማስቀመጤ እነሆ ይህን ያህል ዘመን ዘገየ። በ«አያያዝ» ላይ የተሻለ ሐሳብ ያላቸው አንባብያን፣ በተለይም ከአርቢዎች ጋር የሚሠሩ፣ በሚቀጥለው እትም ቢያቀርቡት ዝርዝሩ ለኅትመት ከመግባቱ በፊት ሊታረም ይችላል።